«ሁላችንም ቅዱሳን ነን» ያለው ቆሬ ጥፋቱ ምን ነበር?

በአማርኛ ሰው ኀፍረት ሲበዛበት «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይላል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 16 ግን መሬት በእርግጥ ትከፈታለች፤ የምትውጣቸውም ያፈሩ ሰዎች ሳይሆኑ በመሪዎቻቸው ፊት ቆመው «በዛ» ያሉ ናቸው። የአይሁድ ምኵራቦች ይህን ክፍል በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ወር፣ በአንዲት ሰንበት ያነብቡታል። ክፍሉ የሚጠራው በሙሴ ስም አይደለም። ስያሜውን ያገኘው ከዐመፀኛው ነው፤ «ቆሬ» ይባላል።

ታሪኩን ብዙዎች ግማሽ ድረስ ያነብቡና ይተዉታል። አንዳንዱ «አለቃህን አትንካ፣ ምድር ትውጥሃለች» የሚል ማስፈራሪያ ያወጣበታል። ሌላው ደግሞ ቆሬን ስለ እኩልነት የሞተ ጀግና ያደርገዋል። ጽሑፉም ሆነ ከጽሑፉ በኋላ የመጡት የአይሁድ መምህራን ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል አላደረጉትም።

ያመፁት እነማን ናቸው? ምንስ አሉ?

እስራኤላውያን ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ናቸው። በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ከዐመፁ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ፣ ተስፋይቱን ምድር እንዲሰልሉ የተላኩት 12 ሰዎች ተመልሰው ዐሥሩ ሕዝቡን አስደንግጠውታል። በዚህም የተነሣ ዕድሜው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ትውልድ፣ ከካሌብና ከኢያሱ በቀር፣ 40 ዓመት ተንከራትቶ በምድረ በዳ እንዲያልቅ ተፈርዶበታል። ቆሬ የሚናገረው እንግዲህ ለዚህ ሰፈር ነው፤ ነገ የሚባል ነገር ለተነጠቀ ሰፈር።

ተነሺዎቹ አንድ ወገን አይደሉም። ቆሬ ሌዋዊ ነው፤ የመገናኛውን ድንኳን ንዋያተ ቅድሳት እንዲሸከሙ ከተመደቡት ከቀዓት ልጆች ወገን። ዳታን፣ አቤሮንና ኦን ከሮቤል ነገድ ናቸው። ከእነርሱ ጋር 250 ሰዎች አሉ። መጽሐፉ እነዚህን የማኅበሩ አለቆች፣ ዝናቸው የተሰማ ሰዎች ይላቸዋል እንጂ ወሮበላ አይላቸውም።

የቆሬ ንግግር አጭር ነው። በዕብራይስጥ የሚጀምረው «ራቭ ላኬም» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው፤ «በዛባችሁ» ወይም «ይበቃችኋል» እንደ ማለት። ምክንያቱንም ያስከትላል፦ ማኅበሩ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ቅዱስ ነው፤ እግዚአብሔርም በመካከላቸው ነው፤ ታዲያ እናንተ ሙሴና አሮን በጉባኤው ላይ ራሳችሁን ከፍ የምታደርጉት ስለ ምንድን ነው?

ይህን ቆሬ ከራሱ አላመነጨውም። በሲና ተራራ ሥር ሕዝቡ ሁሉ የካህናት መንግሥትና የተቀደሰ ሕዝብ እንደሚሆን ተነግሮታል፤ ዘጸአት 19፥6 ላይ ተጽፏል። ዐመፀኛው የሚከራከረው በራሱ በእግዚአብሔር ቃል ነው። አንባቢን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ሐሰት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር።

የዳታንና የአቤሮን አቤቱታ ደግሞ ሌላ ነው። ስለ መሠዊያና ስለ ቅድስና አንድ ቃል አይናገሩም። ሙሴ ሲያስጠራቸው «አንመጣም» ብለው ይመልሳሉ፤ ወተትና ማር ከምታፈስሰው ምድር አውጥተህ በምድረ በዳ ልትገድለን ያነሰህ ይመስል ደግሞ ልትገዛን ትፈልጋለህ ይላሉ። ወተትና ማር ታፈስሳለች የተባለችው እዚህ ላይ ግብፅ ናት! ወንዶች ልጆቻቸው ወደ ወንዝ የተጣሉባት፣ ጡብ ሲሠሩ የዋሉባት አገር። ቢሆንም የአቤቱታቸው ሁለተኛ ክፍል እውነት አለው፤ እርሻና ወይን ታወርሰናለህ ብለህ ነበር፣ የታለ? ለዚህ ሙሴ መልስ አልሰጠም። ሊሰጥ የሚችለውም አልነበረውም፤ ሰላዮቹ ነገሩን አበላሽተውታል።

ቆሬ ምን ጎድሎበት ነው?

የሌዊ ልጅ ቀዓት አራት ልጆች ነበሩት፦ እንበረም፣ ይስዓር፣ ኬብሮንና ዑዝኤል። ሙሴና አሮን የእንበረም ልጆች ናቸው፤ ቆሬ የይስዓር ልጅ ነው። የአጎት ልጅ ነው እንግዲህ።

በ11ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ፣ ቀደምት መምህራንን ተከትሎ፣ የቅሬታውን ሥር እዚህ ያገኘዋል። ከታላቁ ወንድም ቤት አንዱ መሪ፣ አንዱ ሊቀ ካህናት ሆነ፤ ይሁን። ቀጣዩ ሹመት ግን ለሁለተኛው ወንድም ቤት፣ ማለትም ለቆሬ ይገባ ነበር። የቀዓት ወገን አለቅነት ሲሰጥ የተሰጠው ለትንሹ ወንድም ልጅ፣ ለዑዝኤል ልጅ ለኤልሳፋን ሆነ። የውርስ ክፍፍል ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የቆሬን ፊት በዓይነ ሕሊናው ለማየት አይቸገርም። ለሕዝብ ሲናገር «ሁላችንም» ይላል፤ በቤቱ ሲሆን «የእኔ ተራ» ነው።

የሮቤል ሰዎችም የራሳቸው ቍስል አላቸው። ሮቤል የያዕቆብ በኵር ነበር፤ በኵርነቱን ግን በጥፋቱ አጥቷል። በዚያ ላይ የቀዓት ልጆችና የሮቤል ነገድ ሁለቱም ከድንኳኑ በስተ ደቡብ ነበር የሚሰፍሩት። ጎረቤታሞች ናቸው። ማታ ማታ ምን ሲያወሩ እንደሚያመሹ መገመት ይቻላል።

አራተኛው ሰው ኦን ከመጀመሪያው ቍጥር በኋላ ስሙ አይነሣም። ታልሙድ፣ ማለትም የመምህራኑ የክርክርና የትርጓሜ ግዙፍ ስብስብ፣ ለዚህ ምክንያት አለው፦ ሚስቱ አዳነችው። «ሙሴ ቢያሸንፍ አንተ ተማሪ ነህ፤ ቆሬም ቢያሸንፍ አንተ ተማሪ ነህ፤ ምን ትርፍ አለህ?» አለችው። ምያለሁ አላት። እርሷም ወይን አጠጥታ አስተኛችውና ፀጕሯን ፈትታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሊጠሩት የመጡት ሰዎች ለቅድስናቸው ተጠንቃቂዎች ነበሩና ፀጕሯ ያልተሸፈነ ሴት ሲያዩ እየተመለሱ ሄዱ። «ሁላችንም ቅዱሳን ነን» የሚሉ ሰዎች በዚሁ ቅድስናቸው መታለላቸው የተራኪው ቀልድ ይመስለኛል።

ሙሴ ምን መለሰ?

በመጀመሪያ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ ጊዜ ጠየቀ፦ ነገ ጠዋት እግዚአብሔር የእርሱ የሆነውን ያሳያል አለ። የቆሬን ቃልም ለራሱ ለቆሬ መለሰለት፤ «እናንተ የሌዊ ልጆች፣ ራቭ ላኬም»፤ የበዛባችሁስ እናንተ ናችሁ።

ለፈተናው የተመረጠው ዕጣን ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥናውን፣ ማለትም የዕጣን ማጠኛውን፣ ይዞ እሳትና ዕጣን አድርጎበት ይቅረብ። ይህ ተራ ውድድር አልነበረም። የአሮን ሁለት ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት ይዘው በመቅረባቸው በእሳት መሞታቸውን ሕዝቡ ያውቃል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ መውጣት ሰዎች ስለተከባበሩ ወይም ስለተናናቁ የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ ሥራው ለተመደበ ሰው እንኳ ያሰጋል። በኦሪት ዓለም የክህነት አገልግሎት ወደዚህ የቀረበ ነው። 250ዎቹ ይህን እያወቁ ጥናቸውን ይዘው መጡ። ድፍረት ነው ወይስ እርግጠኝነት? መጽሐፉ አይነግረንም።

ሙሴ ተቈጥቶም አንድ ነገር ተናግሯል፦ ከእነርሱ አንድ አህያ እንኳ አልወሰድሁም፣ ማንንም አልበደልሁም። ይህቺን አህያ አንባቢ አይርሳት፤ ተመልሳ ትመጣለች።

እግዚአብሔር ማኅበሩን በሙሉ ላጥፋ ሲል ግን ሙሴና አሮን ተከራከሩ፦ አንድ ሰው ኀጢአት ቢሠራ በማኅበሩ ሁሉ ላይ ትቈጣለህን? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሥልጣኑ የተነካበት ሰው ለነካው ሕዝብ ጠበቃ ሆኗል፤ የሚከራከረውም ከእግዚአብሔር ጋር ነው።

ከዚያ ሙሴ መመዘኛውን ተናገረ። እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛውም ሰው ቢሞቱ እኔን እግዚአብሔር አልላከኝም፤ ምድር አፏን ከፍታ ብትውጣቸው ግን ይህን ሁሉ ከልቤ አንቅቼ እንዳላደረግሁ ታውቃላችሁ። የጥያቄው እምብርት ይህ ነው። ቆሬ ሥልጣኑ ከሙሴ የመጣ ነው ብሎ ያስባል፤ ሙሴ ሾመ፣ ወንድሙን ሾመ። ሙሴ ደግሞ እኔ መልእክተኛ ነኝ ነው የሚለው።

ምድር ተከፈተች፤ ከነድንኳናቸው በሕይወት ወደ ሲኦል ወረዱ። እሳት ወጥቶ 250ዎቹን በላ።

ነገሩ በዚህ አበቃ?

አላበቃም። ብዙ ሰው የማያነበው ክፍል ይህ ነው። በማግስቱ ማኅበሩ ሁሉ «የእግዚአብሔርን ሕዝብ ገደላችሁ» ብሎ ሙሴና አሮን ላይ አጕረመረመ። እንዲያ ያለ ተአምር አይቶ እንኳ ሕዝቡ አልተረታም። መቅሠፍት ወርዶ 14,700 ሰዎች ሞቱ፤ አሮን በዚያችው በጥና ዕጣን ይዞ በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመና መቅሠፍቱ ተከለከለ። ትናንት የገደለው ዕጣን ዛሬ አዳነ።

ክርክሩ የተዘጋው በኋላ በጸጥታ ነው። ከየነገዱ በትር ተሰብስቦ በድንኳኑ ውስጥ አደረ፤ ሲነጋ የአሮን በትር አቈጥቍጦ፣ አብቦ፣ ለውዝ አፍርቶ ተገኘ። የሞቱት ሰዎች የናስ ጥናዎችም አልተጣሉም፤ የአሮን ልጅ አልዓዛር ሰብስቧቸው ተጠፍጥፈው ለመሠዊያው መለበጫ ሆኑ። የዐመፁ ዕቃ መሠዊያው ላይ ቀረ።

ጽሑፉን በታሪክ ዓይን የሚያጠኑ ምሁራን ብዙዎቹ እዚህ ላይ ሁለት ትረካዎች ተገምደዋል ይላሉ፤ አንዱ የዳታንና የአቤሮን፣ ሌላው የቆሬና የ250ዎቹ። ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ኦሪት ዘዳግም 11፥6 ነው፤ ምድር የዋጠቻቸውን ሲያስታውስ ዳታንና አቤሮንን ብቻ ይጠራል፣ ቆሬን አያነሣም። አንድ ነው ብሎ ለሚያነብ ምእመንም ልብ የሚባል ነገር ነው፦ የምድር ጥያቄ ያነሡትን ምድር ወሰደቻቸው፤ የዕጣን ጥያቄ ያነሡትን እሳት።

ንግግሩ እውነት ከሆነ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ሚድራሽ፣ ማለትም መምህራኑ የጽሑፉን ክፍተት በትረካ የሚሞሉበት የትርጓሜ ስልት፣ ለቆሬ ሞገስ ያለው አንደበት ሰጥቶታል። አንዱ ትረካ ቆሬ 250ዎቹን ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የሆነ መጐናጸፊያ አልብሶ ሙሴ ፊት እንዳቆማቸው ይናገራል። ሕጉ በልብስ ጫፍ ዘርፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ፈትል እንዲኖር ያዛል፤ ይህ ሕግ የተጻፈው ከዐመፁ ታሪክ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቍጥሮች ነው። «ልብሱ በሙሉ ሰማያዊ ከሆነ ፈትል ያስፈልገዋል?» ሲል ጠየቀ። ያስፈልገዋል አለው ሙሴ። ቆሬ ሳቀ፤ አንድ ፈትል ሌላውን ልብስ ነጻ የሚያወጣ ከሆነ ሙሉው ልብስ ራሱን ነጻ አያወጣም? ልብሱ ሕዝቡ ነው፤ ፈትሉ ሙሴ።

ሁለተኛው ትረካ ይበልጥ ይነክሳል። አንዲት መበለት ነበረች ይላል ቆሬ፤ አንዲት ማሳ አለቻት። ልታርስ ስትል ሙሴ መጣ፦ በሬና አህያ ጠምደሽ አትረሺ። ልትዘራ ስትል፦ ልዩ ልዩ ዘር አትቀላቅዪ። ልታጭድ ስትል፦ ቃርሚያውንና የማሳውን ጥግ ተዪ። ስትወቃ፦ ዐሥራት አምጪ። ተማረረችና ማሳውን ሸጣ ሁለት በጎች ገዛች። ሲወልዱ አሮን መጣ፦ በኵሩ የእኔ ነው። ስትሸልት፦ የመጀመሪያው ጠጕር የእኔ ነው። በቃኝ ብላ አረደቻቸው፤ ወርቹን፣ ጕንጮቹንና ጨጓራውን ስጪ አላት። በብስጭት «እንግዲያውስ እርም ይሁን!» አለች። እርም የሆነ ሁሉ ለካህኑ ነው ብሎ ጠቅልሎ ወሰደው። መበለቲቱ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች።

እያንዳንዱ ሕግ በኦሪት አለ፤ ቆሬ አልዋሸም። የተወው ነገር ግን አለ፦ ቃርሚያው የሚቀረው ለድኻ፣ ለመጻተኛ፣ ለወላጅ አልባና ለመበለት ነው። በመበለት ስም የተናገረው ሰው መበለትን የሚመግበውን ሕግ እንደ ግፍ ቈጠረው። መምህራኑ እንዲህ ያለውን ንግግር ለባለጋራቸው መስጠታቸው ያስደንቃል፤ የካህናት ድርሻ ድኻን ሊያስለቅስ እንደሚችል ሳያውቁ የጻፉት አይመስለኝም።

ሌላው መልስ «ቅዱስ» በሚለው ቃል ላይ ያርፋል። የፈትሉ ሕግ ዓላማው ትእዛዜን ሁሉ እንድታስቡ፣ እንድታደርጉና ቅዱሳን እንድትሆኑ ነው ይላል። ገና ወደፊት የሚሠራ ነገር ነው። ጥቂት ቍጥር ዝቅ ብሎ ቆሬ ሁሉም ቅዱሳን ናቸው ይላል፤ ያለቀ ነገር አድርጎ። ዘር ለዘራ ገበሬ «ጐተራህ ሙሉ ነው» እንደ ማለት ነው።

ሚሽና፣ በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተጠናቀረው የሕግና የሥርዐት ስብስብ፣ ክርክርን በሁለት ይከፍላል። ስለ ሰማይ ተብሎ የሚደረግ ክርክር ይጸናል፤ ምሳሌውም የሁለቱ ታላላቅ መምህራን፣ የሂሌልና የሻማይ ነው። ስለ ሰማይ ያልሆነ አይጸናም፤ ምሳሌውም «የቆሬና የማኅበሩ» ነው። ሂሌልና ሻማይ ተከራካሪዎች ናቸው። ከቆሬ ተቃራኒ ግን ሙሴ መጠቀስ ሲገባው አልተጠቀሰም። ከተለመዱት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ የቆሬ ወገን በውስጡም ስምም አልነበረም፤ 250ዎቹ እያንዳንዳቸው ጥና ይዘው የመጡት ለአንዲት ወንበር ነው።

ታዲያ መሪን መሞገት ክልክል ነው?

ይህን የሚል ሰው ዘኍልቍን ዐሥር ምዕራፍ ያህል ወደፊት ያንብብ። የሰለጰዓድ አምስት ሴት ልጆች፣ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ፣ በሙሴና በአለቆቹ ሁሉ ፊት ቆመው ወንድም ስለሌለን የአባታችን ስም ከርስት ለምን ይጠፋል ብለው ሞገቱ። አስቀድመውም አባታችን ከቆሬ ማኅበር አልነበረም አሉ። እግዚአብሔር ለሙሴ የመለሰለት፣ እውነት ተናግረዋል የሚል ነው። ሕጉም ተጨመረበት። ቀደም ብሎም ኤልዳድና ሞዳድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያለ ሙሴ ፈቃድ በሰፈር ትንቢት ሲናገሩ ኢያሱ ይከልከሉ አለ፤ ሙሴ ግን የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ምነው አለ። ይህ ከቆሬ ንግግር ምን ያህል ይርቃል?

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክማ በሙሉ የመሞገት ታሪክ ነው። ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። ኤልያስ አክዓብን ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ተጋፍጦታል። ዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረስ፣ ሚስትና ብር እንዳያበዛ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኰራ ያዛል። እንዲያውም አንድ ዐመፅ በነቢይ አፍ ተባርኳል፦ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሕዝቡን ቀንበር አከብዳለሁ ሲል ዐሥሩ ነገዶች ከኢዮርብዓም ጋር ተገነጠሉ፤ ሮብዓም ጦር ሲያሰልፍ ነቢዩ ሸማያ ይህ ነገር ከእግዚአብሔር ነውና ተመለሱ አላቸው። በሌላ በኩል ኢዮርብዓም ራሱ የወርቅ ጥጆች አቁሞ ያንኑ በረከት አጥቷል።

መምህራኑ በራሳቸው ሸንጎ ውስጥም ለተቃዋሚ ቦታ አበጅተዋል። «ዛኬን ማምሬ»፣ ዐመፀኛ ሽማግሌ ማለት ነው፣ የከፍተኛውን ፍርድ ሸንጎ ውሳኔ የማይቀበል ሊቅ ነው። ወደ ከተማው ተመልሶ እንደ ቀድሞው ሐሳቡን ቢያስተምር አይቀጣም። የሚቀጣው ሰዎች በተግባር እንዲፈጽሙት ከፈረደ ነው። በፍርድ ቤት የሐሳብ ልዩነቱን የሚያሰፍር ዳኛን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የሚፈጸመው ግን የብዙኃኑ ፍርድ ነው።

ተአምርስ? በታልሙድ ረቢ ኤሊዔዘር በአንድ ምድጃ ንጽሕና ላይ ብቻውን ከሸንጎው ይለያል። ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ ሲሄድ፣ የቦይ ውኃ ወደ ኋላ ሲፈስስ፣ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሲያዘነብል ምስክር ያደርጋቸዋል፤ በመጨረሻም የሰማይ ድምፅ ሕጉ እንደ እርሱ ነው ይላል። ረቢ ኢያሱ ተነሥቶ ከዘዳግም ጠቅሶ «በሰማይ አይደለችም» አለ፤ ኦሪት ከተሰጠች በኋላ ፍርዱ በሸንጎው ድምፅ ነው። በሙሴ ዘመን ምድር ተከፍታ የፈረደችበት ክርክር በረቢዎቹ ዘመን ግድግዳ ቢያዘነብል እንኳ አይፈረድበትም። ያም ሆኖ ታሪኩ ለሸንጎው አያጨበጭብም፤ ረቢ ኤሊዔዘር ተወግዞ ከመካከላቸው ሲለይ የደረሰውን ሐዘንና ጕዳት ታልሙድ በዝርዝር ይተርካል።

የቆሬ ልጆችስ የት ደረሱ?

ዘኍልቍ 26፥11 በአንዲት አጭር መስመር፣ የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም ይላል። ዘሮቻቸው በቤተ መቅደስ ዘማሪዎችና በር ጠባቂዎች ሆኑ። 11 መዝሙራት በቆሬ ልጆች ስም ተጽፈዋል፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 84ኛው መዝሙር በአምላክ ቤት ደፍ ላይ መቆምን ከኀጥኣን ድንኳን ያስመርጣል። አባታቸው እስከ መሠዊያው ካልደረስሁ ያለ ሰው ነበር።

ከዚሁ ዘር፣ እንደ 1ኛ ዜና መዋዕል 6 አቈጣጠር፣ ነቢዩ ሳሙኤል ተወለደ፤ የእስራኤልን የመጀመሪያ ሁለት ነገሥታት የቀባው። ቆሬ በሚነበብባት ሰንበት ምኵራቦች ከነቢያት መጽሐፍ የሚያነብቡት አብዛኛውን ጊዜ የሳሙኤልን ንግግር ነው። ሕዝቡ ንጉሥ ከጠየቀ በኋላ ሽማግሌው ሳሙኤል በፊታቸው ቆሞ የዘመኑን ሒሳብ ያስረክባል። የቆሬ ዘር ስለ ራሱ የሚናገረው፣ ሙሴ ስለ ቆሬ ወገን በተናገረው ቃል ነው፦ የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?